የአንድን ስም ትርጉም በተለያዩ ቋንቋዎች እንዴት እናጣራለን?

የስም ትርጉም ከመፈለግ በፊት ስሙ በየትኛው ቋንቋ እንደወጣ ማወቅ ይገባል። «ማያ» የሚለውን ስም እንመልከት፦ በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ምትሐት፣ እውነት መስሎ የሚታይ ነገር ማለት ሲሆን፣ የቡድሃ እናትም በዚሁ ስም ትታወቃለች። ዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ግን ውኃ ማለት ከሆነው «ማይም» ጋር ያያይዙታል፤ የግእዙ «ማይ» የዚህ ቃል ዘመድ ነው። በአማርኛ ደግሞ «ማያ» የሚያዩበት ነገር ነው። ሦስቱ በድምፅ ገጠሙ እንጂ በትውልድ አይገናኙም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ስሙን ያወጣውን ሰው ወይም ቤተሰቡን የየትኛውን ቋንቋ ስም አስበው እንዳወጡት መጠየቅ ነው።

ቀጥሎ ስሙን በራሱ ፊደል ተጽፎ ማግኘት ያስፈልጋል። በዐረብኛ «አመል» ሐምዛ በተባለው ፊደል ሲጻፍ ተስፋ፣ ዐይን በተባለው ፊደል ሲጻፍ ሥራ ማለት ነው። በአማርኛ ንባብ «አ» እና «ዐ» አንድ ድምፅ ስለሆኑ ልዩነቱ ይጠፋል፤ በዚያ ላይ የእኛ «አመል» ጠባይ ነው። ጃፓንኛ ከዚህም ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም «ናኦሚ» የተባለችው ሴት የስሟ ትርጉም የሚታወቀው ወላጆቿ በመረጡት የካንጂ ፊደል (ከቻይና በተወሰደው፣ እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ትርጉም ባለው ጽሕፈት) ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጡት ሁለት ፊደላት አንዱ ቅንነትን፣ ሌላው ውበትን ያመለክታሉ። የዕብራይስጡ «ናኦሚ» ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ደስ መሰኘትን የሚገልጽ ስም ሲሆን፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ኑኃሚን» ተብሎ የምናውቀው እርሱ ነው።

ከአገር አገር እየተሻገሩ መልካቸውን ለለወጡ ስሞች በየቋንቋው አዲስ ትርጉም መፈለግ ድካም ብቻ ነው። ዮሐንስ፣ ኢቫን፣ ጁዋን እና ዣን ሁሉም «እግዚአብሔር ጸጋን ሰጠ» ከሚለው የዕብራይስጥ ስም የመጡ ናቸው፤ «ኢቫን» ለብቻው በሩሲያኛ ሌላ ፍቺ አለው የሚል ዝርዝር ካጋጠመዎት ሊያምኑት አይገባም።

ሥሩ ከታወቀ በኋላም ስሙ ዛሬ በሰሚው ልብ የሚቀሰቅሰውን ነገር ለይቶ መጠየቅ ተገቢ ነው። በመጽሐፈ ሩት ኑኃሚን ሐዘኗን ስትገልጽ «ማራ በሉኝ» ትላለች፤ ቃሉ መራራ ማለት ነው። በቡድሂዝም ትውፊት ደግሞ ማራ ቡድሃን የፈተነው ክፉ መንፈስ ነው። መዝገበ ቃላት ይህን ሁሉ አይነግርም፤ ስለዚህ ስሙን ለልጅ ከማውጣትዎ በፊት በቋንቋው አፋቸውን ለፈቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ጮክ ብለው ያንብቡላቸውና መጀመሪያ ምን እንደመጣባቸው ይጠይቋቸው።