ኔጌቲቭ ቁጥር ስንተካ መልሱ ለምን ይበላሻል? ችግርና መፍትሄ

ክረምት በመጣ ቁጥር ለሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ መጀመሪያ የምሰጣቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሀ = −3 ሲሆን 2ሀ² − 5ሀ + 1 ስንት ነው? መልሱ 34 ነው። የተሳሳተ መልስ ይዞ የሚመጣ ልጅ ግን ስህተቱን አብሮ ይዞልኝ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ደብተሩን ሳላይ የት እንደወደቀ አውቃለሁ።

መልሱ −14 ከሆነ

ምክንያቱ ቅንፍ አለመኖሩ ነው። ከሁሉም በላይ የማየው ይህን ነው። ልጁ ሀን አንስቶ በቦታዋ −3ን ይለጥፋል፦ 2−3² − 5−3 + 1። በ2 እና በሀ መካከል ማባዛት ነበር። ሀ ስትነሳ ማባዛቱም አብሮ ጠፋ፣ የኔጌቲቩ ምልክትም መቀነሻ ሆነ።

መፍትሄው፦ ስለ ቁጥሩ ከማሰባችሁ በፊት ፊደሉ ባለበት ሁሉ ባዶ ቅንፍ ጻፉ፣ 2( )² − 5( ) + 1። ከዚያ −3ን በየቅንፉ አስገቡ፣ 2(−3)² − 5(−3) + 1 = 18 + 15 + 1 = 34። ይህን መስመር አትዝለሉ። አንዲት ፈጣን ተማሪ "በቃሌ እሠራዋለሁ" እያለች ለሦስት ሳምንት ያንኑ ስህተት ደጋገመች። ቅንፉን በቀይ እስክሪብቶ፣ ቁጥሩን በሰማያዊ እንድትጽፍ አደረግኋት፤ በሁለተኛው ቀን ስህተቱ ቆመ።

መልሱ −2 ከሆነ

ማባዛቱን ሳይረሳ፣ ርቢው (በቁጥሩ ትከሻ ላይ ያለችው ²) ጋ ብቻ ቅንፉን ረስቶ −3² ብሎ የጻፈ ነው። ርቢው የሚይዘው 3ን ብቻ ስለሆነ −3² ማለት −9 ነው፤ (−3)² ግን 9። ካልኩሌተር ያድነናል ብላችሁ አትመኩ፤ ያለ ቅንፍ ካስገባችሁት ሳይንሳዊ ካልኩሌተርም −9 ነው የሚላችሁ። ኤክሴል ደግሞ =-3^2 ሲጻፍበት 9 ይላል። የማታ ተማሪዬ የነበረ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ሁለቱን መሣሪያዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ "የቱ ነው የተበላሸው?" ብሎ ጠየቀኝ። አንዳቸውም አልተበላሹም። ኤክሴል የኔጌቲቩን ምልክት ከርቢው አስቀድሞ ከቁጥሩ ጋር ያያይዘዋል፣ ካልኩሌተሩ ግን ርቢውን ያስቀድማል። ቅንፍ ሲገባ ሁለቱም 9 ይላሉ።

መልሱ 4 ከሆነ

እዚህ ጋ ደብተሩን ማየት ግድ ነው፤ ወደ 4 የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው − 5(−3)ን −15 ማለት ነው። ሁለተኛው ዳግም ርቢን በ2 ማባዛት አድርጎ (−3)²ን −6 ማለት ነው። መልሱን ብቻ አይቶ "ምልክት ተሳስተሃል" የሚል አስጠኚ ግማሾቹን ልጆች ለሌላቸው በሽታ ያክማል።

ሁለተኛው ስህተት ለምን ተደብቆ እንደሚቆይ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ያናድደኛል። ከፎቶ ኮፒ ቤት የሚገዙት ወርክሽቶች ሀ = 2ን ይወዳሉ። 2² አራት ነው፣ 2 × 2ም አራት ነው፤ ልጁ ሙሉ ገጽ ተሳስቶ ሙሉ ገጽ ራይት ያገኛል! 0ም እንደዚሁ ይህን ስህተት ይደብቃል፤ 1 ደግሞ ሌሎችን ይደብቃል። ወላጆች፣ ለልምምድ ቁጥር ስትመርጡ −3 ወይም −5 ስጡ።

መልሱ 52 ከሆነ

2ን ከሀ ጋር አባዝቶ ከዚያ ወደ ርቢ ሄዷል። ርቢው የሀ እንጂ የ2 አይደለም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

2ሀን በሀ = 5 "25" ብሎ መጻፍ፤ እሱንም ባዶው ቅንፍ ይፈታዋል። ሀ እና ለ የሚባሉ ሁለት ፊደሎች ሲኖሩ ዋጋቸውን ማቀያየር፤ ዋጋዎቹን ከላይ ጻፏቸው። ታችኛው ክፍል ዜሮ ከሆነ፣ ለምሳሌ (ሀ + 1)/(ሀ − 3) በሀ = 3፣ መልስ የለውም፤ 0 ብላችሁ አትጻፉ።

−ሀ ሁልጊዜ ኔጌቲቭ ነው የሚል ልጅ ካጋጠማችሁ ደግሞ አትከራከሩት። −( ) ብሎ ይጻፍ፣ −3ን ያስገባ፣ የወጣውን ራሱ ያንብብላችሁ።