ካቫን አቀዝቅዞ፣ ከፍቶና ከሚስማማው ምግብ ጋር አዛምዶ ማቅረብ

ካቫ የስፔን አረፋማ ወይን ነው። አብዛኛው የሚመረተው በካታሎኒያ፣ በፔኔዴስ አካባቢ፣ በተለይ በሳንት ሳዱርኒ ደ አኖያ ከተማ ዙሪያ ነው። አረፋው እንደ ሻምፓኝ በራሱ ጠርሙስ ውስጥ ይፈጠራል፤ ወይኑ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ይታሸግና እዚያው ዳግም ይብላላል። በጠርሙሱ ውስጥ የሚታመቀው ጋዝ ግፊቱ ከመኪና ጎማ ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሆነ አከፋፈቱን ማወቅ ግድ ነው።

1. ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ
ከዋጋው በፊት የስኳሩን መጠን የሚናገረውን ቃል ይዩ። ብሩት ናቱሬ በሊትር ቢበዛ 3 ግራም ስኳር አለው፤ ብሩት እስከ 12፣ ሴሚ ሴኮ ከ32 እስከ 50፣ ዱልሴ ከ50 በላይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኤክስትራ ሴኮ ላይ ነው፤ ስሙ «እጅግ ደረቅ» (ጣፋጭነት የሌለው) ቢልም ከ12 እስከ 17 ግራም ስላለው ከብሩት ይጣፍጣል። ተራው ካቫ ጠርሙሱ ውስጥ ከእርሾው ጋር ቢያንስ 9 ወር፣ ሬዘርቫ 18፣ ግራን ሬዘርቫ 30 ወር ይቆያል። በቆየ ቁጥር የተጠበሰ ዳቦና የለውዝ ሽታ ያመጣል። ለጀማሪ ብሩት ይሻላል።

2. ያቀዝቅዙ
ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃል፤ ግራን ሬዘርቫ ግን ሽታው እንዳይታፈን ከ8 እስከ 10 ይሁን። ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያቆዩት። ከቸኮሉ ግማሽ በረዶ ግማሽ ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ 30 ደቂቃ ይንከሩት። በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን በሙሉ ስለማይነካ ይዘገያል። ፍሪዘር ውስጥ ከተረሳ ሊፈነዳ ይችላል።

3. ይክፈቱ
ጠርሙሱን አይነቅንቁ። ወረቀቱን ይላጡ፤ አውራ ጣትዎን ቡሹ ላይ እንደያዙ የሽቦውን ቀለበት ስድስት ጊዜ በግማሽ ዙር ይፍቱ፤ ሽቦውን ግን አያውልቁ። ጠርሙሱን ከሰውና ከመብራት አዙረው በ45 ዲግሪ ያጋድሉ። ከዚያ ቡሹን አጥብቀው ይያዙና ጠርሙሱን ከታች ያዙሩ። ቡሹ ሲገፋ በእጅዎ ያግዱት፤ «እስስ» ብሎ ቢወጣ በትክክል ከፍተዋል። ጮኾ ከወጣና ከገነፈለ ወይኑ ሞቋል ወይም ተነቅንቋል፤ ሞቃት ወይን ጋዙን አይዝም።

4. ይቅዱ
መሐሉ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይምረጡ። ሳሙና ከቀረበት አረፋው ወዲያው ይሞታልና በደንብ ያለቅልቁት። ጥቂት ቀድተው አረፋው ሲበርድ ይጨምሩ። 750 ሚሊ ሊትር ለስድስት ብርጭቆ ይዳረሳል።

5. ምግቡን ያዛምዱ
የካቫ ጉልበቱ ኮምጣጣነቱና አረፋው ነው፤ ቅባትን ከምላስ ያጥባሉ፣ ጨውን ያለዝባሉ። ስለዚህ ጥብሳጥብስ ከሁሉ ይበልጥ ይስማማዋል፦ የተጠበሰ ካላማሪ (የባሕር እንስሳ)፣ ክሮኬታ (በዳቦ ፍርፋሪ ተሸፍኖ የተጠበሰ ድብልብል)፣ ድንችና እንቁላል የሚገባበት የስፔን ቶርቲያ። ስፔኖች ብዙ ጊዜ በስሱ የተቆረጠ ሃሞን (በጨው የደረቀ የአሳማ ሥጋ) ያቀርባሉ፤ የአሳማ ሥጋ ለማይበላ እንግዳ ጨው የበዛበት አንቾቪ (ትንሽ ዓሣ) ወይም ማንቼጎ አይብ ከተቆላ አልሞንድ ጋር ያንኑ ሥራ ይሠራል። ካታሎኒያ ውስጥ የብርዱ ወራት ሊያልቁ ሲሉ ካልሶት የሚባለው ረጅም ሽንኩርት በእሳት ተጠብሶ በሮሜስኮ (ከለውዝ ዓይነቶችና ከቀይ ቃሪያ በሚሠራ ማጥቀሻ) ሲበላም ካቫ ይጠጣል። ግራን ሬዘርቫን ለዶሮ አሮስቶና ለእንጉዳይ ያስቀምጡት፤ ሎሚ ለተጨመቀበት ሰላጣ ማባከን ያሳዝናል።

ኬክ በብሩት ማቅረብ የተለመደ ስሕተት ነው። ጣፋጭ ምግብ ደረቁን ወይን ያኮመጥጠዋል፤ ወይኑ ከምግቡ የበለጠ መጣፈጥ አለበት። ለቱሮን (ከማርና ከአልሞንድ ለሚሠራው የስፔን ጣፋጭ) ወይም ለኬክ ዱልሴ ይክፈቱ። በርበሬ የበዛበት ምግብ ደግሞ ከአረፋውና ከአልኮሉ ጋር ሲገናኝ ይበልጥ ያቃጥላልና ለሱ ሴሚ ሴኮ ይሻላል።

የተረፈውን በአረፋማ ወይን ክዳን ገጥመው ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጡት አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። አንገቱ ላይ ማንኪያ መስቀል ጋዙን አያስቀረውም።