የሕንፃችሁ ፍሳሽ ሲዘጋ፦ ከመቆፈራችሁ በፊት ማንሆሉን ክፈቱ

የምሳ ሰዓት ነው። ምድር ላይ ያለው ምግብ ቤት ጢም ብሏል። ድንገት ከመታጠቢያው ወለል ጥቁር ውሃ ብቅ ይላል። ተከራይ ለአከራይ ይደውላል፤ አከራይ ለቧንቧ ሠራተኛ ይደውላል። ሠራተኛው ፌሮ ይዞ መጥቶ ይወጋል፤ ውሃው ይወርዳል፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ወር ሳይሞላ ያው ጥቁር ውሃ ተመልሶ ይመጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የንግድ ሕንፃ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። መስመር ማስከፈትና ችግር መፍታት ተምታቶብናል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ተናዶ ግቢውን ሙሉ መቆፈር ነው። አንድ ቦታ የግቢው ንጣፍ በሙሉ ተነቅሎ፣ ችግሩ የተገኘው አጥሩ ሥር ባለች አንዲት ማንሆል ውስጥ ነበር። ክዳኗ በአፈር ተሸፍኖ ማንም አላያትም።

መጀመሪያ ጠይቁ

ዕቃ ከማንሳታችሁ በፊት ተከራዮቹን አነጋግሩ። የተዘጋው አንድ ሱቅ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም? የሚብሰው በምሳ ሰዓት ነው ወይስ ዝናብ ሲጥል? አንድ መታጠቢያ ብቻ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ሲፎኑ (ከሥሩ ያለው የታጠፈ ቱቦ) ውስጥ ነው፤ ፈትቶ ማጠብ ይበቃል። ምድር ላይ ያለው ሁሉ ከፈላ ግን የተዘጋው ዋናው መስመር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ምድር ቤት ተከራዮች አንድ ነገር ልበል። ፍሳሽ የሚወጣው ዝቅ ባለው ቀዳዳ በኩል ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የተለቀቀ ውሃ መንገድ ሲያጣ ምድር ላይ ባለው ሱቅ ይወጣል። ስለዚህ ቤቱ የፈላበት ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ አይደለም። እሱን ከመውቀሳችሁ በፊት ላይኞቹ ውሃ እንዳይለቁ ንገሩ። ካስፈለገም ከሮቶው የሚወርደውን ውሃ ዝጉት።

ማንሆሎቹን ፈልጋችሁ ክፈቱ

አንዳንዶች ፖዜቶ ይሏቸዋል። ከሕንፃው መውጫ፣ ከየመታጠፊያውና መስመሮች ከሚገናኙበት ቦታ ላይ ፈልጓቸው። መኪና ማቆሚያው እንደገና ሲነጠፍ ተሸፍነው ከሆነ በዲጂኖ መታ መታ አድርጉ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነው። ያገኛችሁትን በወረቀት ላይ በቁጥር ሳሉት።

ከዚያ ከሕንፃው ጀምራችሁ ወደ ታች በተራ ክፈቱ። የመጀመሪያው ሞልቷል። ሁለተኛውም ሞልቷል። ሦስተኛው ደረቅ ነው። እንግዲህ ተገኘ፦ መዘጋቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። ሙሉ ግቢ የመሰለው ሥራ ወደ ጥቂት ሜትር ወረደ። እስከ መጨረሻው ሁሉም ከሞሉ ግን ቱቦውን ተዉት፤ ወይ ሴፕቲክ ታንኩ ሞልቷል፣ ወይ የከተማው መስመር ተዘግቷል። ለመጀመሪያው የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ጥሩ። ለሁለተኛው ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ አመልክቱ።

ማንሆል ውስጥ ሰው አይግባ

ይህን የምለው ሰው ስለሚሞትበት ነው። ፍሳሽ ሲበሰብስ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ ይመስላል። የገባው ሰው በሰከንዶች ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ሊያወጣው የሚገባው ሁለተኛ ሰውም አብሮ ይቀራል። የጥበቃ ሠራተኛውን ወይም የቀን ሠራተኛውን «ገባ በልና እያት» እንዳትሉት። ሥራው ሁሉ ከላይ ሆኖ ይሠራል። መግባት ግድ ከሆነ ጋዝ መለኪያ፣ ማናፈሻና ማውጫ ገመድ ያለው ባለሙያ ይምጣ። እዚያ አካባቢ ሲጋራም ክብሪትም አይጫር፤ የሚቀጣጠል ጋዝም አለ።

መክፈቱ

በፌሮ አትውጉ። የፌሮ ጫፍ ፕላስቲክ ቱቦ ይበሳል፤ የዛሬው መፍትሔ የነገ ስብራት ይሆናል። ትክክለኛው ዕቃ እየተጋጠመ የሚረዝም ተጣጣፊ ዘንግ ነው። ከደረቁ ማንሆል በኩል ወደ ሞላው አቅጣጫ ግፉት። ዘንጉን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ብቻ አዙሩ፤ ወደ ግራ ካዞራችሁት መጋጠሚያው ተፈትቶ ግማሹ ቱቦው ውስጥ ይቀራል። ሲከፈት ውሃው በኃይል ስለሚመጣ ፊታችሁን ከማንሆሉ አፍ አርቁ። መውጫው ላይ ወንፊት ነገር አድርጉ፤ አለበለዚያ ቆሻሻው ወርዶ ቀጣዩን ይዘጋል።

አሲድ ማፍሰስም ልማድ ሆኗል። ተዉት። የጠነከረ ሞራ ላይ እምብዛም አይሠራም፣ ሠራተኛውን ያቃጥላል። ቀድሞ በረኪና የፈሰሰበት ላይ ከተደረበ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይፈጥራል።

የወጣውን እዩት

ብዙ ሰው ውሃው ሲወርድ ደስ ብሎት ክዳኑን ይመልሳል። ዋናው መረጃ ግን አካፋው ላይ ያለው ነው።

ነጭ፣ እንደ ሻማ የጠነከረ፣ ሲሰበር የሚፈረካከስ ነገር ከወጣ ሞራ ነው። ከምግብ ቤት ሲወጣ ትኩስና ፈሳሽ ነበር፤ ቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ረጋ። በውስጡ የቡና አተላ፣ የእንጀራ ፍርፋሪና የመወልወያ ክር ተጣብቆ ታገኛላችሁ። ሥጋ ቤትና ጥብስ ቤት ያለበት ሕንፃ ይህን ችግር በደንብ ያውቀዋል። የሁዳዴ 55 ቀን አልፎ ፋሲካ ሲመጣ ቅቤውና ጮማው በአንድ ጊዜ ወደ መስመሩ ይወርዳል። መፍትሔው የቅባት ማጥመጃ ሳጥን ነው፤ ከወጥ ቤቱ መውጫ ላይ ይቀመጣል፣ ቅባቱ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ከላይ ያለው ቅባትና ከታች ያለው ዝቃጭ አንድ ላይ የሳጥኑን ጥልቀት ሩብ ሲደርስ መጽዳት አለበት። ይህን በኪራይ ውሉ ውስጥ አስገቡት። ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ አንዴ አስጠርጉት።

አፈርና ጠጠር ከወጣ ቱቦው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ቀጭን የፀጉር ጉንጉን የመሰለ ሥር ከወጣ ዛፍ በመጋጠሚያው ገብቷል። የደረቀ ሲሚንቶ ካገኛችሁ በግንባታው ጊዜ የታጠበ ባልዲ ውጤት ነው። ጨርቅና የንጽሕና መጠበቂያ ከሆነ ሽንት ቤቶቹ ውስጥ ክዳን ያለው ቅርጫት አስቀምጡ።

ሶፍትና ደረቅ ነገር ብቻ ተከማችቶ ከወጣ ደግሞ ውሃ ያጠረው መስመር ሊሆን ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሽንት ቤት በጆግ ይለቀቃል፤ ያ ውሃ ቆሻሻውን ረጅም መንገድ አይገፋውም። ውሃ በመጣ ቀን ከላይ ብዙ ውሃ በአንዴ ልቀቁ። በነገራችን ላይ፣ ተዘግቶ የቆየ ሱቅ ከሸተተ ቱቦው ላይሆን ይችላል። የወለሉ ሲፎን ውስጥ ሽታ የሚያግደው ውሃ ደርቆ ይሆናል። አንድ ባልዲ ውሃ አፍሱበት።

ዝናብ ሲጥል ብቻ ከሆነ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብቻ የሚፈላ ሕንፃ የጣሪያ ውሃው ከፍሳሹ ጋር ተገናኝቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ዝናብ በሌለበት ቀን የምግብ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ በአሸንዳው ቱቦ ልቀቁ። ቀለሙ የፍሳሽ ማንሆል ውስጥ ከታየ ለይታችሁ ወደ ጎርፍ መውረጃው አዙሩት። ዘንግም ማሽንም አያስፈልገውም።

አሁንም እዚያው ቦታ ከተመላለሰ

ቱቦው ቁልቁለት አጥቶ ወይም መሐሉ ላይ ሰምጦ ሆድ አውጥቶ ሊሆን ይችላል። ለተለመደው 110 ሚሊሜትር ቱቦ በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ገደማ መውረድ ጥሩ ነው፤ 20 ሜትር ላይ 40 ሴንቲሜትር ማለት ነው። የሁለቱን ማንሆሎች የቱቦ ወለል በውሃ ልክ ለኩና አነጻጽሩ። ልኩ ደህና ከሆነ የቱቦ ካሜራ ያለው ባለሙያ ጥሩ። ክፍያው ሊከብድ ይችላል፤ ግን ስብራቱ በስንተኛው ሜትር ላይ እንዳለ ያሳያችኋል። የመኪና ማቆሚያ በግምት ከማስቆፈር እሱ ይሻላል።

አሁን ቆፍሩ፣ እዚያችው ላይ ብቻ። የመብራት ኬብል የት እንደሚያልፍ አስቀድማችሁ አጣሩ። አዲሱን ቱቦ ከሥሩም ከላዩም በአሸዋ አልብሱት፤ ድንጋይ ያለበት አፈር በቀጥታ አይነካው። የጭነት መኪና የሚያልፍበት ከሆነ ከላዩ ኮንክሪት ይፈልጋል። ሳትሸፍኑ በፊት ውሃ ልቀቁና መጋጠሚያዎቹን በእጃችሁ ዳስሱ። ፎቶ አንሱ። ከሕንፃው ማዕዘን እስከ ቱቦው ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ መጀመሪያ በሳላችሁት ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ወረቀቱን ሕንፃ አስተዳደሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።