ጥንዚዛ የገባበትን ጥድ ምን እናድርገው?

በባሕር ዳር ግቢዎች የፈረንጅ ጥድ መቅላት ሲጀምር የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ መድኃኒት መርጫው ነው። እንጨት ሰርሳሪ ጥንዚዛ ግን በአብዛኛው የሚመርጠው አስቀድሞ የተጎዳ ዛፍ ነው። ጤነኛ ጥድ ቅርፊቱን የሚበሳውን በሙጫው አፍኖ ይመልሳል፤ የተጠማ ጥድ ያን ያህል ሙጫ የለውም።

መጀመሪያ ጥንዚዛ መሆኑን ያረጋግጡ። በቅርፊቱ ስንጥቅ ወይም በግንዱ ሥር ደቃቅ ሰጋቱራ ካለ እርሱ ነው፤ በአፈር የተለሰነ መተላለፊያ ካዩ ምስጥ ስለሆነ መላው ሌላ ነው።

ቀጥሎ ከቀዳዳው አጠገብ ቅርፊቱን በቢላዋ ጫፍ በትንሹ ያንሱ። ውስጡ ነጣ ያለና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለው። ደርቆ ቡናማ ከሆነ፣ የተቀረጸ የሚመስል ቦይ ከታየበትና በቦዩ ጫፍ እግር አልባ ነጭ እጭ ከተገኘ ግን ያ ጎን ሞቷል። ግንዱን ዞረው በሌሎች ጎኖችም ይሞክሩ። ዙሪያውን ሁሉ ቡናማ ከሆነ አይልፉ፤ ይቁረጡት። ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም።

የሚድን ከሆነ የጎዳውን ነገር ይፈልጉ። ለግንብ መሠረት ሲቆፈር ሥሩ ተቆርጦ ይሆን? ዙሪያው በሲሚንቶ ተለብጦስ? በበጋ ውኃውን ከግንዱ ራቅ አድርገው፣ በቅርንጫፎቹ ጫፍ ትይዩ፣ ቀስ ብለው ያጠጡ። ቀጭን የፌሮ ብረት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል በቀላሉ ከገባ በቂ ነው፤ አፈሩ ሲደርቅ ይድገሙት። ከዚያ ደረቅ ሣር ይጎዝጉዙ፤ ግንዱን ግን አያስነኩት። ሐይቁ ዳር ችግሩ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል፦ ከክረምት በኋላ ጣና ሲሞላ ውኃ የተኛበት ሥር አየር ያጣል። እዚያ የሚያስፈልገው ማፋሰሻ ቦይ ነው።

መድኃኒቱስ? እጩ ቅርፊት ውስጥ ከገባ በኋላ ላዩ ላይ የሚረጨው አይደርስበትም። ገና ያልተነኩ ጎረቤት ዛፎችን ሊጠብቅ ይችላል፤ ነገር ግን ዓሣና ንብ ባለበት በሐይቁ ዳር እኔ አልመክረውም።

የተቆረጠውን ግንድ ከቆሙት ጥዶች አጠገብ አይከምሩ፤ በቅርፊቱ ሥር ያለው እጭ አድጎ ይወጣል። ቅርፊቱን ወዲያውኑ ልጠው ያቃጥሉ፣ እንጨቱን ፈልጠው ፀሐይ ላይ ያስጡ። ለእንጨት ነጋዴ የሚሸጥ ከሆነም ከግቢው ሳይወጣ ይላጥ።