በሥራ ቪዛ አሜሪካ ቤት ለመግዛት ላሰባችሁ

ኤች ዋን ቢ (H-1B) የሥራ ቪዛ ላይ ላላችሁ፦ ግሪን ካርድ ባይኖራችሁም የቤት ብድር ልታገኙ ትችላላችሁ። መንግሥት ዋስ የሚሆንለት የኤፍኤችኤ (FHA) ብድር ግን ከሜይ 25፣ 2025 ጀምሮ ለጊዜያዊ ነዋሪ ዝግ ነው። እዚያ ጊዜ አታባክኑ፤ በቀጥታ ኮንቬንሽናል (የመንግሥት ዋስትና የሌለው መደበኛ) ብድር ጠይቁ። የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዙት ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ በሕጋዊ መንገድ የሚኖረውን ሰው የሚያዩት እንደ ዜጋው ነው። አንዱ አበዳሪ እምቢ ካለ ሌላው ጋ ሂዱ፤ ሁሉም የየራሱ ደንብ አለው።

የእኛን ሰው በብዛት የሚያስቸግረው የእቁብ ገንዘብ ነው። ዕጣው ደርሷችሁ በአንዴ ባንክ ስታስገቡት “ይሄ ከየት መጣ?” መባሉ አይቀርም። አበዳሪው የሁለት ወር ስቴትመንት መስመር በመስመር ያያል። ስለዚህ ከማመልከታችሁ ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ አስገቡት፣ የእቁቡንም መዝገብ ያዙ። ካሹ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ከሆነ ደግሞ ባንኩ ለመንግሥት የሚያቀርበውን ሪፖርት ፈርታችሁ እንዳትከፋፍሉት፤ ወንጀል የሚሆነው መከፋፈሉ ነው።