ከጤና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የጽሑፍ መልስ ማግኘት እንዴት ይቻላል?

አክስቴ የምትኖረው ምሥራቅ ጎጃም ነው። የደም ግፊት መድኃኒቷን በየወሩ ትገዛለች። አንድ ወር ግን እሽጉ እንደ ወትሮው አልሆነባትም። ጽሑፉ ደብዝዟል፣ የማብቂያ ቀኑም ተፍቋል። ቢሮ ሄዳ በቃል ተናገረች። «እናጣራለን» አሏት። ሦስት ወር ጠበቀች፤ ይጣራ ይረሳ የነገራት የለም። አክስቴ አቤት ብላለች፣ ግን አቤት ማለቷን የሚያሳይ አንዲት ብጣሽ ወረቀት በእጇ የለም። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንደሷ እንዳይሆን ነው።

መጀመሪያ ማስረጃውን ያዙ። እሽጉን አትጣሉት። የመድኃኒቱን ስም፣ የአምራቹን ስም፣ የባች ቁጥሩን (መድኃኒቱ በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚለየውን ቁጥር) እና የማብቂያ ቀኑን በስልክ ፎቶ አንሱ። ደረሰኙንም አስቀምጡ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አሳዩና ምትክ ጠይቁ።

ቀጥሎ የማንን በር እንደምታንኳኩ ለዩ። የመድኃኒትና የምግብ ጥራት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጉዳይ ነው፤ ሥልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተደንግጓል። በነፃ የስልክ መስመሩ 8482 ጥቆማ መስጠት ትችላላችሁ። በከተማችሁ ያለው ክሊኒክ ወይም መድኃኒት ቤት ከሆነ ግን ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጀምሩ። ከዚያ በላይ ዞኑ አለ፤ ለምሥራቅ ጎጃም ደብረ ማርቆስ፣ ለምዕራብ ጎጃም ፍኖተ ሰላም። ከሁሉም በላይ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ጤና ቢሮ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡ። «ስለ ቁጥጥሩ ይገለጽልኝ» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። ለሰፊ ጥያቄ ሰፊ መልስ ነው የሚመጣው። እንዲህ በሉ፦ «በዚህ ዓመት በወረዳችን ስንት መድኃኒት ቤቶች ተፈተሹ? ስንቱ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው? ስንቱ ታሸገ? በዚህ ቀን ያቀረብኩት ጥቆማስ ምን ደረሰ?» ቁጥር ለሚጠይቅ ሰው በወሬ መመለስ ይከብዳል።

ለምን እንደፈለጋችሁት ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መብቱን ሰጥቷችኋል። የመገናኛ ብዙኃኑን ክፍል በኋላ አዋጅ 1238/2013 ተክቶታል፤ የመረጃ ነፃነቱ ክፍል ግን እንዳለ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። መጻፍ የማይችል ሰው በቃል ቢጠይቅ፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ጥያቄውን በጽሑፍ ማስፈር አለበት። ይህቺን ለአክስቴ ቀድሞ የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ!

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ውሰዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ ሌላው ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም አስመቱና ይዛችሁ ውጡ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ቢሏችሁ ችግር የለም፤ መዝገብ ቤቱ ክፍት ከሆነ ይበቃል።

ከዚያ ቀን ቁጠሩ። መልሱ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ማራዘሚያ ካስፈለጋቸው ሊነግሯችሁ ይገባል። ከከለከሏችሁም ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። የሕመምተኛ የግል መረጃ ወይም የንግድ ምስጢር በሕግ ይጠበቃል፤ ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ምስጢሩን ለይቶ የቀረውን መስጠት ይቻላልና «ሌላውን ስጡኝ» በሉ።

ዝም ካሏችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት በሉ። እዚያም ካልተሳካ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ስትሄዱ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ አትርሱ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።