የጋራ ኮምፒውተር ላይ ፎልደር በፓስወርድ ለመቆለፍ

ቤት ወይም ቢሮ ውስጥ አንዱን ኮምፒውተር ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ይቺን ያዙልኝ። ፎልደርን «ሂድን» ማድረግ፣ ማለትም እንዳይታይ መደበቅ፣ መቆለፍ አይደለም። ትንሽ የሚያውቅ ሰው በሁለት ክሊክ ያወጣዋል። ዊንዶውስ ራሱ ደግሞ ለአንድ ፎልደር ለብቻው ፓስወርድ የሚሰጥበት መንገድ የለውም።

እኔ የምጠቀመው ሰቨን ዚፕ (7-Zip) የሚባለውን ፋይል አሽጎ በፓስወርድ የሚቆልፍ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «አድ ቱ አርካይቭ» የሚለውን ምረጡ። ፎርማቱ ሰቨን ዜድ (7z) ይሁን። ፓስወርዱን ሁለቴ ጻፉ። ከሥሩ «ኢንክሪፕት ፋይል ኔምስ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፤ እሷ ላይ ምልክት አድርጉ። ብዙ ሰው የሚያልፈው እሷን ነው። ካልነካችኋት ውስጥ ያሉት ፋይሎች ባይከፈቱም ስማቸው ይነበባል። «የምርመራ ውጤት» የሚል ስም ብቻውን ስንት ነገር ይናገራል!

አዲሱ ፋይል በፓስወርዱ በትክክል መከፈቱን ካያችሁ በኋላ የድሮውን ፎልደር በሺፍት ዲሊት አጥፉት። በዲሊት ብቻ ከሆነ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ፓስወርዱ ከተረሳ ግን ማንም አይመልስላችሁም። ወረቀት ላይ ጻፉትና ከኮምፒውተሩ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።